ወደ ማይ ዳዕሮ የሚወርደው መንገድ

መዶሻዬን የሰቀልኩት ዘንድሮ ነው። ፈልጌ አይደለም፤ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ድንጋይ መጨበጥ እምቢ አለኝ። ዓይኔም ቢሆን ዕድሜ ልኩን የድንጋይ ብናኝ ሲገባበት ኖሮ አሁን ካቡ በቱምቢው ልክ ቀጥ ብሎ ይሁን አዘንብሎ መለየት አቅቶታል። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አስጠሩኝና «ሰይድ፣ ይብቃህ፣ ዕረፍ» አሉኝ። አንድ ጋቢም ሰጡኝ። ጋቢው ደህና ጋቢ ነው፣ አላማርርም። ዕረፍት የሚሉትን ነገር ግን እንዴት እንደሚያደርጉት የነገረኝ የለም። ጠዋት እነሣለሁ፣ ደጅ እቀመጣለሁ፣ ፀሐይዋ ዞራ ትመጣለች፣ እኔ እዚያው ነኝ። ደክሞኛል። ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ያህል አይደክመኝም ነበር።

መንገደኛ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ «በዕድሜህ ምን ምን ሠራህ?» ይለኛል። የሠራሁትማ ብዙ ነው። የባላባት ግቢ ክቤያለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ ለማዘጋጃ ቤት ቦይና ድልድይ ሠርቻለሁ። ከነዚያ ውስጥ አብዛኛውን ዛሬ ባየው የእኔ ሥራ መሆኑን አላውቀውም። ከልቤ የማይወጣው አንድ ጠባብ የእግር መንገድ ነው፤ ከሰፈራችን ወደ ማይ ዳዕሮ የሚወርደው።

ማይ ዳዕሮ ምንጭ ነው። በትግርኛ የሾላ ውሃ እንደማለት ነው፤ ሾላውም ዛሬ ድረስ አለ። ክርስቲያኑ ይቀዳበታል፣ እኛ ከወሎ የመጣነው እስላሞች እንቀዳበታለን፣ ውዱእ እናደርግበታለን፣ ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ አህያውን ያጠጣበታል። ሰፈራችን ሌላ ውሃ አልነበረውም። ካለውም ኢላላ ወንዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ሩቅ ነው።

እኔ ወደ መቀሌ የመጣሁት ጢም ሳላወጣ ነው። አጎቴ ጨርቅ ይነግድ ነበርና አብሬው እንድነግድ አመጣኝ። ንግዱ አልሆነልኝም፤ ገዢ ሲከራከረኝ ያሳዝነኛል፣ ቀንሼ እሰጠዋለሁ። አጎቴ ተማረረና «አንተ ከሰው ጋር አትሆንም፣ ሂድ ከድንጋይ ጋር ሁን» ብሎ ለአቦይ ሐጎስ ድንጋይ አቀባይ አድርጎ ሰጠኝ። አቦይ ማለት አባቴ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠራል። ሐጎስ ደግሞ ደስታ ማለት ነው፤ ፊታቸው ግን እንደ ጾም ቀን ነበር። እስከ ምሳ ድረስ አይናገሩም። ከምሳ በኋላም ቢሆን የሚናገሩት ድንጋዩ ካስቸገራቸው ብቻ ነው።

አንድ ድንጋይ ካነሡ ቦታውን ሳያገኙለት መልሰው መሬት አያስቀምጡትም። «ሁለት ጊዜ ካነሣኸው አንዱን ጊዜ በከንቱ ደከምክ» ይላሉ። ለሥራ የተመረጠ ድንጋይ ላይ አይቀመጡም፣ እኛንም አያስቀምጡንም፤ ምሳችንን አፈር ላይ ቁጭ ብለን ነበር የምንበላው። ድንጋዩን በመዶሻቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ለማዕዘን፣ ድፍን ካለ ለመሙያ። እኔ ያንን ድምፅ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አንዳንዴ ዛሬም እጠራጠራለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የእንስራው ነገር ነው። አቦይ ሐጎስ የውሃ መንገድ ደረጃ ሠርተው ሲጨርሱ፣ ውሃ የሞላ እንስራ በጀርባቸው አዝለው ከታች እስከ ላይ ይወጡበታል። ወንድ ልጅ እንስራ አዝሎ ታይቶ አይታወቅም፤ በእኛም አገር በእነሱም አገር ነውር ነው። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። እሳቸው ላይ ሲደርሱ እንስራውን ያወርዱና ጀርባቸውን ወደ እኔ አዙረው «እየው» ይሉኛል። ልብሳቸው ከረጠበ ከደረጃዎቹ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ደረጃው ቢከፋም አይታወቀውም፣ እግሩን አንሥቶ ያልፋል። ውሃ ያዘለ ሰው ግን ጉልበቱ ልኩን ካላገኘ ይንገዳገዳል፣ ውሃውም ከእንስራው አፍ ይፈሳል።

የማይ ዳዕሮን ደረጃ የሠራነው ሰፈሩ አዋጥቶ ለምኗቸው ነው። ሥራው ሲያልቅ እንስራ አጡና ከምንጩ ስትመለስ ያገኟትን ልጅ አውሺኝ አሏት። ዘሃራ ነበረች፣ የወሎ ሰው ልጅ።

«ወንድ እንስራ ምን ይሠራለታል?» አለች።

«ጀርባውን ያርስለታል» አሏት።

አዝለው ወጡ። ጀርባቸው ረጠበ። «ከታች ሦስተኛው ነው» አሉ። አፍርሰን ዝቅ አደረግነው። እንደገና ወጡ፣ እንደገና ረጠበ። ዘሃራ ከሾላው ሥር ተቀምጣ «የእናቴ እንስራ ነው፣ ብትሰብሩት ቤት አልገባም» እያለች ትስቃለች። በመጨረሻ ደረቅ ጀርባ ይዘው ወጡ። እውነቱን ለመናገር እኔ ያን ቀን ደረጃውን አላየሁትም፤ የማየው ሌላ ነበር። በዓመቱ ኒካህ አሰርን፣ እንስራውም ከእሷ ጋር ቤቴ ገባ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሥራችን የመኪና መንገድ ሆነ። የሠራተኛ አለቃው ካቦ የማናችንንም ስም አያውቅም፣ በፊሽካ ነው የሚጠራን። አቦይ ሐጎስ ፊሽካ አይሰሙም ነበር፤ ትከሻቸውን መንካት የግድ ነው። ክፍያው ሽሮ ይገዛ ነበር፣ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። መንገዱ ሲያልቅ ከነጮቹ አንዱ ከሰፈራችን በታች ያለውን መሬት እስከ ምንጩ ድረስ ለአትክልት ያዘው። ገደል ካለበት ጎን በቀር ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ በድንጋይ ካብ እንድናጥረው ታዘዝን። መስመሩን በኖራ አስምረው አሳዩን፤ የላይኛው መስመር የማይ ዳዕሮን መንገድ አቋርጦት ያልፋል።

አቦይ ሐጎስ ኖራውን ሲያዩ ቆዩና «ይኸ መንገድ ነው» አሉ።

ካቦው በአስተርጓሚ «ነበር በሉት» አለ።

እምቢ ያለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም አይተናል። ካብነው።

ካቡ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን አቦይ ሐጎስ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካቡን በማዕዘን ድንጋይ ቀጥ አድርገው ጨረሱት። መሐሉን ለብቻው ሞሉት። የመሐሉ ድንጋይ የጎኑን አይነክስም፣ የጎኑም የመሐሉን አይነክስም። ግንበኛ ከምንም በላይ የሚሸሸው እንዲህ ያለውን ነው፤ ካብ የሚቆመው ድንጋይ ድንጋይን ሲነክስ ነውና።

«አቦይ፣ ተሳስተው ነው?» አልኳቸው።

«ሰው ዘመኑን ሙሉ የረገጠው መሬት ደድሯል፤ ከጎኑ ያለው ለስላሳ ነው። ክረምት ሲመጣ ለስላሳው ይሰምጣል፣ ደዳሩ ባለበት ይቆማል። ካነካከስካቸው ካቡ ይሰነጠቃል። ለየብቻቸው ይቁሙ።»

የሙያ ነገር ነው፣ ተቀበልኩ። ላዩን በጭቃ መረግነው፣ ስፍራው ከሌላው የማይለይ ሆነ።

መንገዱ ተዘጋ። ሴቶቹ ኢላላ ድረስ መውረድ ጀመሩ። ጠዋት የወጣች ሴት ፀሐይ ከርራባት ትመለሳለች፣ ያመጣችው ውሃ ለማታ አይተርፍም። ዘሃራ ቤት ስትገባ እንስራውን ታወርድና ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። የካበው ባሏ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ይህን ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ካቡም አብሮት የሚወጣ መስሎን ነበር። ካብ የት ይሄዳል? ቦታው እምበይተይ ለተብርሃን ለሚባሉ ሴት ተሰጠ። እምበይተይ እመቤቴ እንደማለት ነው። ባላቸው በጦርነቱ ሞተውባቸዋል፣ ልጅም የላቸውም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰው ማመን ግን ትተዋል። ሽማግሌዎቹ መንገዱን ያስከፍቱልን ዘንድ ሄዱ። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ አደይ ምጽላልም አብራ ሄደች፤ አደይ እናቴ ማለት ነው፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነውና ትጠቅማለች ተብሎ። አቦይ ሐጎስና እኔ ከኋላ ቆምን።

እምበይተይ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙንና «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ። «ጣሊያኑ ሲያጥረው አንድ ሰው አልተነፈሰም። መበለት ስትይዘው ጊዜ ሁላችሁ ሰው ሆናችሁ መጣችሁ።»

አደይ ምጽላል እንኳ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ኋላ አለች። ምን ይመለሳል? ሐቃቸውን ነው።

እምበይተይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካብ እንደ ሽመና ነው፣ አንድ ፈትል ስትስቡት ሁሉ ይተረተራል። ከተናደ አትክልቴን ይቀብረዋል። ከዚህች ሽንኩርትና ሎሚ በቀር ምን አለኝ?» አሉ።

አቦይ ሐጎስ ያኔ ካቡ እንዴት እንደቆመ መናገር ይችሉ ነበር። ካቡን የካቡት እሳቸው መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ በር ላይ ቆሞ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» ማለት ግን ከበዳቸው። ስንመለስ «መንገዱን በዳር በዳሩ እናውጣው፣ ከሴትዮዋ ጋር ምን ያጣላናል» አሉ። ሁላችንም ጠብ ሰልችቶን ነበርና ደስ አለን።

የካቡ ጫፍ ከሚያልቅበት ጎን፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ቦታ ነበረች። በጋውን እዚያ ላይ ሠራን። እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩ ወጣ፤ ወንዱ ድንጋይ፣ ሴቷ አፈር። ማዘጋጃ ቤቱ ዶማ አዋሰን። አደይ ምጽላል ለክርስቲያኖቹ ጠላ፣ ለእኛ ቅራሪ ያልገባበት ጥሩ ውሃ እያለች በየቀኑ ትቀልድብናለች። ሥራው ሲያልቅ አቦይ ሐጎስ የዘሃራን እንስራ አዝለው ወጡ። ጀርባቸው ደረቅ ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ።

ያ ፈተና የበጋ ፈተና ነበር። እንስራው ደረጃውን ያውቃል፣ ክረምትን አያውቅም። ካቡን ስንሠራ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ በካቡ ተገፍቶ ወደ ጫፉ እንደሚሄድ አላሰብንም፤ አዲሱ መንገድ ደግሞ ያለው ልክ ጫፉ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይ የመቀሌው ንብርብር ድንጋይ ነው፤ ውሃ በየንብርብሩ መሐል ሲገባ ሳሙና ይሆናል። የሰኔው ዝናብ ምንም አላደረገውም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሉታል፣ እንዲያ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በወጣችበት ረፋድ፣ ዘሃራ ቀድታ ስትመለስ መንገዱ ከእግሯ ሥር ሄደ።

አደይ ምጽላል ናት ሥራ ቦታ ድረስ ሮጣ የጠራችኝ። ዘሃራን ከገደሉ ሥር፣ ከእንስራዋ ስብርባሪ መሐል አገኘኋት። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። «የእናቴ እንስራ» አለችኝ። ዳሌዋ ነው የተጎዳው። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ አሰረ። ነፍሷ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ እግሯ ግን አጠረ፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም፣ ውሃም አላዘለችም።

አቦይ ሐጎስ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ዘሃራ ከተኛችበት «ይግቡ አቦይ» አለቻቸው። አልገቡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዶሻ አልነኩም። ግንድ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት ያጨበጨበው ሰፈር «ዱሮውንም አርጅተው ነበር» ማለት ጀመረ። ያሳደጉኝ ሰው ናቸው፣ የወደቀችው ደግሞ ሚስቴ ናት። በማንኛቸው በኩል እንደምቆም አላወቅሁም፤ ብዙ ወራት ደጃቸውን ሳልረግጥ ቆየሁ።

በሚቀጥለው በጋ አደይ ምጽላል ሽማግሌ መላክ ትታ ሴቶቹን ሰበሰበች። ባዶ እንስራቸውን ይዘው መጡ፣ ከካቡ ሥር ደረደሩት፣ አጠገቡ ተቀምጠው ጥጥ መፍተል ጀመሩ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም። በማግሥቱም መጡ፣ በሣልስቱም መጡ። ዘሃራም በምርኩዟ ሄዳ ተቀመጠች፤ እንስራ ስለሌላት አንድ የእንስራ ገል ፊቷ አኑራ። እምበይተይ ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ ይገባሉ። በመጨረሻ መጥተው ከሴቶቹ መሐል ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ገሏን ብዙ ጊዜ አዩአት።

«ውሃ አልከለከልኩም» አሉ። «የምፈራው ካቡን ነው። ካቡ የማይናድ ከሆነ ግንበኛ አምጡልኝ፣ ዋስም አምጡልኝ። ያኔ ክፈቱት።»

ዘሃራ ይህን ስትነግረኝ ያ ለብቻው የተሞላ የካቡ መሐል ትዝ አለኝ። ወደ አቦይ ሐጎስ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባባልን፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አቦይ፣ መሐሉን ብናወጣው ግራና ቀኙ ይቆማል?» አልኳቸው።

«ይቆማል» አሉ፣ ሳያስቡ። ቀጥለው «ያኛውም መንገድ ይቆማል ብዬ ነበር» አሉ። «እጄን አላምነውም፣ ሰይድ ወደይ።» ወደይ ልጄ ማለት ነው።

«እኔም አላምነውም። ግን ሌላ እጅ የለንም።»

ተነሥተው መዶሻቸውን ፍለጋ ገቡ።

በቀጠሮው ቀን ሰው ሁሉ ካቡ ሥር ተሰበሰበ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መጡ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቦይ ሐጎስ ካቡ እንዴት እንደቆመ ለእምበይተይ ነገሯቸው፤ የካቡት እሳቸው መሆናቸውንም ያን ቀን በራሳቸው አፍ ተናገሩ።

እምበይተይ ሰምተው «ዋስህስ ማነው?» አሉ።

ዱሮ የግንበኛ ዋሱ ሥራው ነበር። የእሳቸው ሥራ ገደል ገብቷል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አቦይ ሐጎስ ራሳቸውም ሰው አልጠሩም፤ መዶሻቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። ነገሩ ሊበተን ነው ስል የምርኩዝ ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ ዋሳቸው» አለች ዘሃራ።

እምበይተይ እግሯን አዩ። «አንቺን የጣለሽ የእሱ ሥራ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«የጣለኝ ያኛው መንገድ ነው። በዚህኛው ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ አዝዬ ወጥቼበታለሁ፣ አንድ ቀን አላደናቀፈኝም። ሁለቱንም የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ የሁለቱንም ልክ በገላዬ የማውቅ እኔ ነኝ። ከእኔ የተሻለ ዋስ ካለ ይምጣ።»

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ለመሆኑ ሴት ዋስ ትሆናለች?» አሉ።

እምበይተይ ወደ እሳቸው ዞረው «መሬቱን የያዝኩት እኔስ ወንድ ነኝ?» አሉና ወደ ዘሃራ ተመለሱ። «ቢናድ በምን ትክሺኛለሽ?»

«በቤታችን።»

ቤቱ የእኔም ነው። አልጠየቀችኝም። ዞር ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ላይ ልመና የለም፣ ማየት ብቻ ነው። «እሺ» አልኩ። እሷ በዳሌዋ ያስከፈሏትን ሰው ይቅር ካለች እኔ በጭቃ ቤት ምን እላለሁ?

አቦይ ሐጎስ ካቡ ላይ ወጡ፤ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ያነሡ ጀመር። ያነሡትን ድንጋይ መሬት አያስቀምጡም፤ ለእኔ ይሰጡኛል፣ እኔ ለሴቶቹ፣ ሴቶቹ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈው፣ ጎርፉን ወደ ጎን እንዲያወጣ ያን ሰሞን ወደ ቆፈርነው ቦይ ያደርሱታል። እኩሌታው ሲደርስ ከቀኙ በኩል ጠጠር ተንኮታኮተ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እምበይተይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዘሃራ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ብትፈልግም በምን እግሯ ትሮጣለች። አቦይ ሐጎስ መዳፋቸውን በካቡ ላይ ጫኑና ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ልክ ድንጋይ እንደሚመርጡ። ቆይተው «የረገፈው መረጉ ነው፣ ካቡ ቆሟል» አሉና ቀጣዩን አነሡ። የመጨረሻው ሲነሣ ግራና ቀኙ እንደ በር መቃን ቀጥ ብለው ቀሩ።

እምበይተይ ቀርበው የማዕዘኑን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳበሱት። ቤታቸው ገቡና የራሳቸውን እንስራ ይዘው ወጡ፤ ለአቦይ ሐጎስ ሰጧቸው።

ወደ ምንጩ ወረዱ። የዱሮው ደረጃ አትክልቱ መሐል እንዳለ ነበር። ሞልተው፣ አዝለው፣ ቀስ እያሉ ወጡ፤ አሮጌ ሰው ናቸው፣ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በአዲሱ በር ሲያልፉ የሳቀ ሰው የለም። እንስራውን አወረዱና ጀርባቸውን አዞሩልኝ።

«እየው።»

ደረቅ ነበር። ዘሃራ ቀድማኝ «ደረቅ ነው አቦይ» አለቻቸው።

ወደ ቤት ስሸኛቸው ያን ነገር ጠየቅኋቸው። ያኔ መሐሉን ለየብቻ ሲያቆሙት አንድ ቀን በር ይሆናል ብለው ነበር ወይስ ለሙያው ብቻ? «መሬቱ ደዳር ስለነበረ ነው» አሉ። በራቸው ላይ ስንደርስ ደግሞ «ግን ያደደረው ማነው? ሰው አይደለም?» አሉኝ። ከዚህ በላይ አላገኘሁባቸውም። ክረምቱን ካቡ ሳይናድ ሲያልፍ አዩ፣ መስከረም ላይ ዐረፉ። እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው፤ እኔ ከውጭ ቆሜ ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ቀጠረኝ። ሹማምንቱ ተለዋወጡ፤ አንዱ ቁም ይላል፣ ሌላው ቀጥል ይላል፣ ሁሉም ለበዓል እንዲደርስ ይፈልጋል። ደረጃ በሠራሁ ቁጥር እንስራ ማዘል አለብኝ እላለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እተወዋለሁ። አንዲት የጎረቤት ልጅ በየጠዋቱ ለዘሃራ ውሃ ታመጣላት ነበር። ዘንድሮ ልጅቷ ተዳረች።

እናም ባለፈው ሰሞን ልጅቷ ትቀዳበት የነበረውን እንስራ አነሣሁ። ዘሃራ «ተው፣ ሰው ይስቃል» አለች። ይሳቅ። ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠኝን ጋቢ ለበስኩ፣ በበሩ አለፍኩ፣ ወደ ማይ ዳዕሮ ወረድኩ። አደይ ምጽላል ከሩቅ አይታኝ «ወሎዬው ሙሽሪት ሆነ» ብላ መንደሩን አሳቀችብኝ። ሞልቼ አዘልኩ። ሰው የሚያዝለው ይህን ኖሯል፤ በስንት ዘመኔ የዘሃራን ጀርባ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ቦታውን ራሱ አገኘው። ላይ እስክደርስ ግን ሁለት ጊዜ ቆሜ ካብ ተደግፌያለሁ።

ቤት ስገባ አወረድኩና ጀርባዬን አዞርኩላት። ዘሃራ ጋቢዬን በእጇ ዳሰሰች።

«ረጥበሃል» አለች። «ደረጃው ተበላሽቶ ነው?»

«ደረጃውስ ደህና ነው። ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጋቢውን ከትከሻዬ አወረደችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

«እንግዲያው ነገ ግማሽ ቅዳ» አለችኝ።